የገዛነው ማሽን ፈቃድ ሲጠይቀን

ደሴ ውስጥ ፕሌይ ስቴሽን የአንድ ሰው ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ፒያሳ ግቡ፣ ቧንቧ ውሃ ግቡ፣ በመጋረጃ የጨለመ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ልጆች ታገኛላችሁ። ሁለቱ ጆስቲክ ይዘዋል፤ የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ምክር ይሰጣሉ። የተሸነፈ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ማሽኑ የየትኛውም ኩባንያ ይሁን፣ በእኛ አፍ ሁሉም «ፕሌይ ስቴሽን» ነው፤ ቤቱ ደግሞ «ጌም ቤት»። ገጠር አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ እንደሚያርሰው፣ የሠፈሬ ልጆችም ያደጉት በመቀናጆ ነው፦ አንዱ ማሽን አለው፣ ሌላው ሲዲ፣ ሦስተኛው ደህና ጆስቲክ፣ አራተኛው ደግሞ ሳሎኗን የማትሰስት እናት።

ይህ የጋራ አጠቃቀም እየተዘጋ ነው። የሚዘጋው ማሽኑ ውስጥ በተቀመጠ ሶፍትዌር ስለሆነ ጩኸት የለውም፣ ማንም መጥቶ በር ላይ አያሽግም። ብዙ ሰው «ኢንተርኔት ስለጠፋ ነው» ወይም «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ነገሩን ለረጅም ጊዜ ስከታተለው ስለቆየሁ፣ በተለይ ለጌም ቤት ባለቤቶችና ለወላጆች በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ። የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። የኬብል መስመር ካላቸው ጥቂት ቦታዎች በቀር ወራት እንዲሁ አለፉ። ወሎ ለዚህ እንግዳ አልነበረም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልኩም ጠፍቶ ነበር፤ ወልድያ ላይ ደግሞ ጨለማው ከእኛም ቀድሞ ጀምሮ ረዝሟል። ያኔ ስለ ጨዋታ የሚያስብ አልነበረም። በ2015ና 2016 ግን ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ መንገዱም እንደ ነገሩ ስለነበር ልጆቹ ከወትሮው በባሰ ጌም ቤት ይከማቹ ነበር። ሌላ ምን ነበራቸው?

የማዘወትረው ጌም ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ትንሹም ትልቁም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ሁለት ማሽን አላቸው። አሮጌው ሲዲ የሚበላ ነው። አዲሱን የገዙት ጨዋታዎቹ ከነተጫኑበት፣ ሻጩ በከፈተው አካውንት ነው። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ አንድ ምሽት አዲሱ ማሽን ላይ ከጨዋታው ሥዕል አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ወጣች። ስትጫኑት ማሽኑ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ «የዚህን ይዘት ፈቃድ ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ከኔትወርክ ጋር ያገናኙኝ» የሚል መልእክት ያወጣል። ጨዋታው እዚያው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ትላንት ተጫውተውበታል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ከፍዬበት የለም እንዴ?»

«ከፍለዋል ጋሼ።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠይቀው?»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ልጆች ወደ አሮጌው ማሽን ተገለበጡ። የሲዲው ጨዋታ እንደወትሮው ሠራ፤ ማንንም አልጠየቀም።

የጋሼ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። በሲዲ የሚሠራ ጨዋታ ላይ ማስረጃው ራሱ ሲዲው ነው። ለጎረቤት ብታውሰው፣ ኮምቦልቻ ላለ የአጎትህ ልጅ ብትልክለት፣ ብትሸጠው፣ መብቱ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሄዳል። በኢንተርኔት የተገዛ ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። የከፈልከው ለፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለአካውንት ነው፤ አካውንቱ የተመዘገበው ኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም ማዕከላዊ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የጨዋታ ማሽን አምራቾቹ ሶኒም (ፕሌይ ስቴሽን)፣ ማይክሮሶፍትም (ኤክስቦክስ)፣ ኔንቴንዶም በስያሜ ይለያዩ እንጂ አሠራራቸው የተቀራረበ ሆኖ ቆይቷል፦ ለአንድ አካውንት አንድ «ዋና ማሽን» ይመዘገባል፤ በዚያ ላይ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። በሌላ ማሽን ላይ ያንኑ አካውንት ከከፈትክ ማሽኑ ሰርቨሩን ማነጋገር ይፈልጋል። የጋሼ ሻጭ አካውንቱን ለብዙ ሰው ስለሸጠው «ዋናው ማሽን» ሌላ ቦታ ነው፤ ማን ያውቃል፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ይሆናል። የደሴው ማሽን ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነ፤ የሚጠየቀው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት ነገር አለ፤ እኔ ግን መለየት አይቻልም ባይ ነኝ። አንዳንዱ ስለ ቁልፉ ብቻ ያወራል፦ «የገዛሁትን እንደፈለግሁ ልጠቀምበት»። ሌላው ስለ ስለላው ብቻ ያወራል፦ «ስለ ልጄ ምን እየመዘገቡ ነው?» ሁለቱ አንድ ናቸው። ማሽኑ አንተን ለመከልከል መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ማወቅ አለበት። ፈቃድህን ለማረጋገጥ የት እንዳለህ፣ በየትኛው ማሽን እንደገባህ፣ መቼ እንደከፈትክ ይመዘግባል። አንዴ ይህ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ ምን ያህል ሰዓት እንደተጫወትክ፣ ከማን ጋር፣ ምን እንደገዛህ፣ ለጓደኛህ ምን እንደጻፍክ፣ በየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደመጣህ አብሮ ይሄዳል። ይህን ኩባንያዎቹ ራሳቸው በግላዊነት ፖሊሲያቸው ጽፈውታል። ቁልፍ የሌለው ማሽን ስለ አንተ የማወቅ ምክንያት የለውም። የድሮው ፕሌይ ስቴሽን 2 ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ አብዛኛው ማንን እያጫወተ እንደሆነ ሳያውቅ ኖሯል።

ወደኋላ ሄጄ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ያሳያሉ።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሌይ ስቴሽን 3ን ሲያወጣ ማሽኑ ላይ ሊኑክስ የመሰለ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) መጫን እንደሚቻል አስታውቆ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የጨዋታ ማሽኑን ኮምፒውተር ያደርገዋል። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ሳይቀር 1,760 ያህል ፕሌይ ስቴሽን 3 አያይዞ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ሠርቶበታል። ለእኛ አገር ተማሪ ኮምፒውተር መግዛት ስንት መከራ እንደሆነ አስቡት፤ ቤት ውስጥ ያለው የጨዋታ ማሽን ፕሮግራም መጻፊያ ሲሆን! ከዚያ ጆርጅ ሆትዝ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት የማሽኑን መከላከያ መስበሩን አስታወቀ። ሶኒም ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ባወጣው 3.21 ማሻሻያ ያንን ችሎታ ለሁሉም ሰው አጠፋው፤ ምክንያቱ ደኅንነት ነው ተባለ። ማሻሻያውን አልጭንም ያለ ሰው ኦንላይን መግባት አይችልም፣ አዲስ የሚወጡ ጨዋታዎችንም መክፈት አይችልም። ምርጫ ተብሎ የቀረበው ይኸው ነበር፦ ከገዛሃቸው ሁለት ነገሮች አንዱን ጣል።

ዕቃው ከሱቅ ወጥቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሻጩ ከርቀት ገብቶ አንድ ክፍል ወሰደ ማለት ነው። ባቲ ገበያ የሸጠህን ግመል ሌሊት መጥቶ አንድ እግሩን የሚቆርጥ ነጋዴ የለም፤ ቢኖር ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። አሜሪካ ውስጥም ሰዎች በኅብረት ከሰሱ፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ሆትዝም በ2011 መጀመሪያ ተከሰሰ፣ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ በስምምነት ተቋጨ። በዚያው በኤፕሪል ወር የሶኒ የኦንላይን ሥርዓት ተጠለፈና የ77 ሚሊዮን ያህል አካውንት መረጃ ተጋለጠ። ስም፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ የትውልድ ቀን። አገልግሎቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ቆየ። የእንግሊዝ የመረጃ ተቆጣጣሪም በ2013 ኩባንያውን 250 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ይህን የማነሳው መረጃ አንድ ቦታ ሲከማች የሚጠብቀው ሰው ሐሳቡ ጥሩም ይሁን መጥፎ አደጋው እንደማይቀር ለማሳየት ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ ብቻ ነው የማይሰረቀው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ማይክሮሶፍት በሜይ 2013 ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን የጨዋታ ማሽን አስተዋውቆ ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ አንዴ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ማረጋገጥ እንዳለበት ገለጸ። ካልተገናኘ ጨዋታ አይከፍትም፤ ሲዲው ውስጡ ቢሆንም። ያገለገለ ጨዋታ መሸጥና ማዋስም ገደብ ሊኖረው ነበር። በዚያ ላይ ኪኔክት የተባለው ካሜራና ማይክሮፎን ካልተገጠመለት ማሽኑ አይሠራም ተባለ፤ ማሽኑ ተኝቶ እያለ እንኳ ማይክሮፎኑ «ተነሣ» የሚለውን ትእዛዝ ለመስማት ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል። ጁን ሲገባ ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት በተቋራጭነት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣው ሰነድ ማይክሮሶፍትን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት መረጃ ከሚወስድባቸው ኩባንያዎች መካከል ጠቀሰው። ሰዉ ሳሎኑ ውስጥ ስለሚያስገባው ካሜራ መጨነቁ ማጋነን አልነበረም።

ያኔ የኤክስቦክስ ኃላፊ የነበሩት ዶን ማትሪክ ኢንተርኔት ስለማያገኙ ሰዎች ተጠይቀው፣ ለነሱ ኤክስቦክስ 360 አለላቸው የሚል መልስ ሰጡ። የቀደመው ትውልድ ማሽን ማለታቸው ነው። ይህን መልስ ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሐይቅ፣ ስለ መርሳ፣ ስለ ኩታበር ልጆች ነው። ተቃውሞው ስለበረታ ኩባንያው በጁን 19 የ24 ሰዓቱን ግዴታ አነሣ፤ ኪኔክትም ቆይቶ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ያ ዕቅድ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወሎ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ማሽን መስመሩ በጠፋ በማግሥቱ ይቆም ነበር።

ዕቅዱ ግን ጨርሶ አልሞተም፤ በዝግታ በሌላ በር ገባ። አሁን ሲዲ ማስገቢያ የሌላቸው ማሽኖች ተለምደዋል። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፕሌይ ስቴሽን 5 ፕሮ በ700 ዶላር ገደማ ተሽጦ ሲዲ ማንበቢያ የለውም፤ ለብቻው መግዛት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ስትገጥመው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መመዝገብ አለበት። በጁን 2025 የወጣው የኔንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ አንዳንድ ካርዶቹ ውስጥ ጨዋታው ራሱ የለም፤ ካርዱ ማስከፈቻ ብቻ ነው፣ ጨዋታውን ከኢንተርኔት ታወርዳለህ። በዳታ ዋጋችን ይህን ያህል ጊጋባይት ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለ ጥገናም ልናገር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያመኝ ይህኛው ነው። ደሴ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ልጆች እጃቸው ወርቅ ነው። የሥራቸው መሠረት ከሞተው አውጥቶ ለታመመው መስጠት ነው፤ የአንዱን ማራገቢያ ለሌላው፣ የአንዱን ፓወር ሳፕላይ ለሌላው። የጨዋታ ማሽን ላይ ይህ ጥበብ ግድግዳ ይገጥመዋል። በብዙዎቹ ላይ ሲዲ ማንበቢያው ከዋናው ቦርድ ጋር በሚስጥር ቁጥር ስለተጣመረ ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ያወጣኸውን ብትገጥምለት አይቀበልም። ክፍሉ ጤነኛ ነው፣ ገመዱ ትክክል ነው፣ ማሽኑ ግን «አላውቀውም» ይላል። አሜሪካ ውስጥ በ1998 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን ቁልፍ ማለፍ ይከለክላል፤ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ የጨዋታ ማሽን ሲዲ ማንበቢያን ለመጠገን ሲባል ቁልፉን ማለፍ የፈቀደው በ2021 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ!

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ታወቀ። ፕሌይ ስቴሽን 4 ውስጥ እንደ እጅ ሰዓት ባትሪ ያለች ትንሽ ክብ ባትሪ አለች፤ ሥራዋ የማሽኑን ሰዓት መጠበቅ ነው። ባትሪዋ ካለቀችና ማሽኑ ሰዓቱን ከሶኒ ሰርቨር ጋር ማስተካከል ካልቻለ ጨዋታ መክፈት ያቆማል። ምክንያቱ ደግሞ ተጫዋቹ ያገኘው ሽልማት ትክክለኛ ሰዓት እንዲመዘገብለት እንደሆነ ይታመናል። ለአንድ የምናብ ዋንጫ ሰዓት ሲባል ሙሉ ማሽን ማገድ! ሰዎች ደጋግመው ከጮኹ በኋላ በሴፕቴምበር 2021 በወጣው 9.00 ማሻሻያ ተስተካከለ። ያንን ማሻሻያ ለመጫን ግን ወይ ኢንተርኔት ወይ በፍላሽ የሚያመጣልህ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሃል።

አሁን ወደ አካውንቱ ልመለስ፤ አገራችን ላይ የተለየ ችግር አለበትና። ሶኒ አካውንት ለመክፈት አገር ምረጥ የሚልበት ዝርዝር አለው። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ማሽኑ መርካቶ ይሸጣል፣ ደሴ ይሸጣል፣ ወልድያ ይሸጣል፤ አካውንቱ ላይ ግን አንተ የለህም። ስለዚህ ሁሉም አሜሪካ ወይም ዱባይ እያለ ይመዘገባል። የአገልግሎት ውሉ ደግሞ እውነተኛ መረጃ ስጥ ይላል። እንግዲህ ገና ከመግቢያው ሰውን ውል አፍራሽ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። በሜይ 2024 ነገሩን ዓለም ሁሉ አየው፦ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጨዋታ በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የሶኒ አካውንት እንዲያስሩ ግዴታ ሊደረግ ሲል፣ አካውንቱ በማይፈቀድባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ከሽያጭ ወረደ። ገዝተው ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች ተቆጡ፤ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ግዴታውን አነሣ። እኛ ከነዚያ አገሮች አንዷ ነበርን።

ይህ ውሸት የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። አካውንትህ ቢሰረቅ ወይም ቢታገድ፣ «አድራሻህ ምን ነበር? የትውልድ ቀንህስ?» ትባላለህ፤ የሞላኸው ደግሞ ሻጩ በዘፈቀደ የጻፈው ነው። ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። የአሥር ዓመት ልጅ የሚጫወትበት አካውንት ላይ የተመዘገበው የጎልማሳ ዕድሜ ስለሆነ፣ ለልጆች የተሠራው ጥበቃ ሁሉ ለእሱ አይሠራም። የማያውቀው ሰው ሊያነጋግረው፣ መልእክት ሊልክለት ክፍት ነው። አካውንቱ የጋራ በሆነበት ጌም ቤት ደግሞ የአንዱ ልጅ ወሬ በሌላው ላይ ይቆጠራል።

የውጭ አገር ልጆችም ቢሆኑ በደንብ አልተጠበቁም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጁን 2023 ማይክሮሶፍትን 20 ሚሊዮን ዶላር ያስከፈለው ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኤክስቦክስ ላይ ሲመዘገቡ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃቸውን ሰብስቦ በማቆየቱ ነው። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2022 ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በልጆች መረጃ ጉዳይ ብቻ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እነዚህ ቅጣቶች የመጡት እዚያ ሕግና የሚጠይቅ ተቋም ስላለ ነው። «ዱባይ» ብሎ የተመዘገበውን የደሴ ልጅ ማን ይጠይቅለት?

አንዲት የሠፈራችን እናት ልጃቸው በጓደኛው ቤት አዲሱን ፕሌይ ስቴሽን 5 ሲጫወት አይተው ጠየቁኝ፦

«ወንድምዓለም፣ እዚህ እጀታው ላይ ያለችው ቀዳዳ ምንድን ናት?»

«ማይክ ናት እትዬ።»

«ዘግታችኋታል?»

አልተዘጋችም ነበር። ጆስቲኩ መካከል ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስንጫናት ብርቱካንማ መብራት በራች፤ ማይኩ ተዘጋ ማለት ነው። እናትየው ሁለት ሦስት ጊዜ ራሳቸው ተጫኗት፤ ልጁ እንዲያያት አደረጉ። ጨዋታው ላይ ድምፅ የሚለዋወጡ ሰዎች አንዱ ሌላውን ከከሰሰ ከቅርብ ደቂቃዎቹ የተወሰደ የድምፅ ቅጂ ወደ ኩባንያው ሊላክ እንደሚችል ነገርኳቸው። ዓላማው ተሳዳቢንና አስፈራሪን ለመቅጣት ነው፤ ዓላማውን አልቃወምም። ግን ይህን ሁሉ የሚያስረዳው ውል በአማርኛ የለም። «እስማማለሁ» የሚለውን የሚጫነው ልጁ ነው፤ የሳሎኑ ወሬ ግን የእናቱ፣ የአያቱ፣ ለቡና የመጣችው ጎረቤት ነው።

የሚቃወመኝ ሰው የሚለውን አውቃለሁ፦ «ቁልፉ የመጣው በእናንተ ኮፒ ምክንያት ነው።» እውነት አለው። በፕሌይ ስቴሽን 2 ዘመን አገራችን ላይ የነበረው ሲዲ ሁሉ ኮፒ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማሽኑም ኮፒውን እንዲያነብ ቺፕ ተጨምሮበት ነበር የሚሸጠው። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ የራሳችን ልጆች በዚህ ሙያ እየለፉ ነው፣ የነሱም ላብ ሲሰረቅ ማየት አልፈልግም። ነገር ግን መደብር ያልከፈቱለትን ሕዝብ ለምን አልገዛህም ብሎ መቅጣት ፍትሕ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ ቁልፉ የሚጎዳው የከፈለውን ነው። ኮፒ የሚያደርገው ሰው ቁልፉን ሰብሮ ያለ ኢንተርኔት ይጫወታል፤ ከፍሎ የገዛው ጋሼ ግን በሩ ላይ ቆሞ ፈቃድ ይለምናል። ኦንላይን የሚያጭበረብርን ተጫዋች ከኦንላይን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚጫወትበትን ዕቃ መንሳት ሌላ።

ኔንቴንዶ በሜይ 2025 አሜሪካ ላይ ባሻሻለው ውል ደንቡን የጣሰ ሰው መሣሪያው በሙሉ ወይም በከፊል ለዘለቄታው እንዳይሠራ ሊደረግ እንደሚችል ጽፏል። እኛ ጋ የሚገባው ማሽን ብዙው ያገለገለ ነው፤ ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ዘመድ ይዞት ይመጣል። የመጀመሪያው ባለቤት ባጠፋው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ገዢ ይቀጣል ማለት ነው። ሻጭ ሊያየው የማይችል ጉድለት ያለበት ዕቃ ገበያ ላይ ሊኖር አይገባም።

ሌላው ዓለም መንቃት ጀምሯል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ዲጂታል ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ እንጂ ንብረት አለመሆኑን ለገዢው በግልጽ መንገር አለባቸው። አውሮፓ ውስጥ ዘ ክሩ የተባለ ጨዋታ ሰርቨሩ በማርች 2024 ተዘግቶ የገዙት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ የተጀመረው ዘመቻ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አልፏል። የሚጠይቁት ቀላል ነው፦ ኩባንያው ድጋፉን ሲያቆም ጨዋታው ያለ ሰርቨሩ የሚሠራበትን መንገድ ትቶ ይሂድ።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸድቋል፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰው ስለ ራሱ ምን እንደተያዘ የማወቅና የማረም መብት በሕግ ተጽፏል። የእኔ ፍላጎት ባለሥልጣኑ አስመጪዎችን አንድ ነገር እንዲጠይቅ ነው፦ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ማሽን ከሆነ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ኩባንያዎቹን ደግሞ ገንዘባችንን ለማሽኑ እንደተቀበሉ ስማችንንም አገር ዝርዝሩ ላይ ያስገቡ፤ ልጆቻችን በራሳቸው ዕድሜና በራሳቸው አገር ይመዝገቡ።

እስከዚያው ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ሲዲ የሚበላ ማሽን ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ማንበቢያው ለብቻው የሚገጠም ከሆነ መስመር ባለበት ቀን አገጣጥማችሁ አስመዝግቡት። ከሻጭ ጋር የሚጋሩት አካውንት አትግዙ፤ አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ማሽናችሁን «ዋና» አድርጋችሁ መዝግቡ፣ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ይሁን። የባንክ ካርድ አታስሩበት። ማንም «አካውንትህን ላስተካክልልህ» ብሎ የፋይዳ መታወቂያችሁን ወይም የፓስፖርታችሁን ፎቶ ቢጠይቃችሁ አትስጡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አማራጭ የመረጃ መላኪያውን አጥፉ፣ መልእክትና ድምፅ ከማይታወቅ ሰው እንዳይመጣ ዝጉ፣ ማይኩን ዝጉ። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ሻጩ ፊት ኦንላይን አስገብታችሁ አለመታገዱን አረጋግጡ።

ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ ከባቲም ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ መስመር በጠፋበት ጊዜ ማሽናችሁ ምን ብሎ እንደከለከላችሁ ጻፉልኝ። ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ የተሻለ ነው። ስማችሁን አላወጣም። መልእክቶቹን በአማርኛ ተርጉሜ፣ ከነቀናቸው አሰባስቤ፣ ከአቤቱታ ጋር ለባለሥልጣኑ አስገባለሁ።